ከኮቶር ግንብ በላይ፦ ቱሪስት በሌለበት ወር ተራራውን ለሚወጣ

ኮቶር የሞንቴኔግሮ የወደብ ከተማ ናት። የአድሪያቲክ ባሕር በተራሮች መሐል እየተጠማዘዘ ገብቶ በሚያበቃበት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ የከተማ ግንብ ሲባል ጀጎልን ያስባል። ጀጎል ግን ቤቶቹን ዙሪያቸውን አቅፎ ይቆማል፤ የኮቶር ግንብ ከባሕሩ ዳር ይነሣና ከከተማዋ ጀርባ ባለው ገደል ላይ ሽቅብ ይሄዳል። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 20 ሜትር ይደርሳል። የሚያበቃው 260 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ምሽግ ነው። ወደ ምሽጉ የሚያደርሱት ደረጃዎች 1,350 እንደሆኑ ይነገራል። አብዛኛው ጎብኚ እዚያ ይደርሳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ ከዚያ በላይ ስለሚወጣው መንገድ ነው። ከግንቡ ውጭ ተነሥቶ፣ በምሽጉ ጀርባ አልፎ፣ ክርስታች እስከሚባለው የተራራ በር ድረስ የሚወጣ የድሮ የበቅሎ መንገድ አለ። የአገሩ ሰዎች የኮቶር ደረጃ ይሉታል። በሩ ከባሕር ጠለል በላይ 940 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ይበል፤ ነገር ግን የሚነሡት ከዜሮ መሆኑን አይርሱ። አየሩ አያጥርዎትም፣ ጉልበትዎ ግን ይጠየቃል።

በሐምሌና በነሐሴ የታላላቅ መርከቦች ተጓዦች ከተማዋን ያጥለቀልቋታል፤ መንገዱም ጥላ የሌለው ነጭ ድንጋይ ስለሆነ ያቃጥላል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ግን ኮቶር ለነዋሪዎቿና ለታወቁት ድመቶቿ ትቀራለች። እኔ ይህን ጊዜ እመርጣለሁ። ምርጫው ግን ዋጋ አለው፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ቀኑም አጭር። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው። በሙቀቱ ወራት ሰውን የሚፈትነው አቀበቱ ነው፤ በብርዱ ወራት ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ዕቅድዎን ከመውረጃው ይጀምሩ።

ወሩን ይምረጡ

እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ አዝመራ የሚሰበሰብበት የጥቅምት መጨረሻና ኅዳር፣ እዚያ ዶፍ የሚወርድበት ነው። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከውኃው ዳር ቀጥ ብሎ ከቆመው ተራራ ጋር ይጋጫል፤ ሽቅብ ሲገፋ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን ሁሉ እዚያው ያፈሳል። በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለችው ከሪሳን በላይ ጽርክቪጼ የሚባል የተራራ መንደር አለ። በዓመት በአማካይ 4,600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይመዘገብበታል። ይህ የአዲስ አበባን አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ በአውሮፓ በዝናቡ ብዛት ከሁሉ በፊት የሚጠራውም ይኸው መንደር ነው። ኮቶር ራሷ ያን ያህል ባይወርድባትም የዚያው ሰማይ ልጅ ናት።

ስለዚህ ኅዳርን ይተዉት። ታኅሣሥና ጥር ቀኑ አጭር ቢሆንም በመሐል ጥርት ያሉ ቀናት ይገኙባቸዋል፤ ከላይ ግን በረዶ ሊያገኙ ይችላሉ። የእኔ ምርጫ መጋቢት ነው። ብርሃኑ ይረዝማል፣ ከበላይ ያለው የሎቭቼን ተራራ አናት ገና ነጭ ነው፣ ከተማዋም እስካሁን አልተጨናነቀችም። የጥቅምት የመጀመሪያ ቀናትም ያምራሉ፤ ባሕሩ የሙቀቱን ወራት ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ማታ ማታ ብርዱ አይከብድም።

ወረቀትዎን ያስተካክሉ

ይህ ክፍል የሚያስፈልገው በአውሮፓ ለሚኖሩና ለሚጎበኙ ወገኖች ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሞንቴኔግሮ ከሼንገን ውጭ ናት። ጎረቤቷ ክሮኤሽያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሼንገን ውስጥ ናት። ብዙ ሰው በክሮኤሽያዋ ዱብሮቭኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ በመኪና ወደ ኮቶር ይሻገራል፤ መንገዱ ቅርብ ስለሆነ እንደ አንድ አገር ይመስላል። የያዙት የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከሆነ ግን ያን ድንበር ሲያልፉ ከሼንገን ወጥተዋልና መመለስ አይችሉም። ቪዛዎ የብዙ ጊዜ መግቢያ መሆኑን ሳያረጋግጡ በዚያ በኩል ቲኬት አይቁረጡ።

ጸንቶ ያለ የሼንገን፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ላለው መንገደኛ ሞንቴኔግሮ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ለአጭር ጊዜ መግባትን ትፈቅዳለች። ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጃ ይመልከቱ። ከገቡ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው። ሆቴል ካረፉ ሆቴሉ ያስመዘግብዎታል፤ የግል ቤት ከተከራዩ ግን ባለቤቱን ይጠይቁ። ገንዘቡ ዩሮ ነው። ለኮቶር ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ቲቫት ነው፤ በብርዱ ወራት በረራው ስለሚቀንስ ዋና ከተማዋን ፖድጎሪጻንም በአማራጭ ይያዙ።

ነፋሱን ያንብቡ

የአየር ትንበያ ሲያዩ ብዙ ሰው የሚፈልገው የዝናቡን ምልክት ብቻ ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ ይመልከቱ። ሁለት ነፋሶች አሉ። ዩጎ ከደቡብ ይመጣል፤ ሞቅ ያለ፣ ከባድ፣ እርጥብ ነው። ደመናውን ዝቅ አድርጎ ባሕሩን ያናውጣል፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ዩጎ እየነፈሰ ወደ ላይ መውጣት ትርፉ መበስበስ ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ጉሙ እግርዎን እንኳ ላያሳይዎት ይችላል። ቡራ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወረወር ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ሰማዩን ይጠርጋል፣ እይታውንም ያጠራዋል፤ ነገር ግን በክርስታች በር ላይ በድንገት እየመታ ሰው ሊያንገዳግድ ይችላል።

ጥሩው ቀን የትኛው ነው ቢሉኝ፣ ዩጎ ካለፈ በኋላ ቡራው ደክሞ የሚገኘው ሁለተኛው ቀን እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰማዩ ቢጠራም ድንጋዩ ገና እርጥብ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲደርቅ ጫማን አጥብቆ ይይዛል፤ በዘመናት እግርና ኮቴ የለሰለሰው ግን ሲረጥብ ሳሙና ነው።

ሌላም ምልክት አለ፣ ትንበያ የማይነግርዎት። በከተማዋ ሰሜናዊ በር ሥር ሽኩርዳ የምትባል አጭር ወንዝ ትፈሳለች። ከላይ ያለው ተራራ ሁሉ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ይውጠዋል፤ የዋጠው ውኃ በድንጋዩ ውስጥ ወርዶ በባሕሩ ጠለል አጠገብ በምንጭ ይወጣል። ማለዳ በድልድዩ ሲያልፉ ወንዙ እያገሣ ከሆነ ተራራው ጠግቧል ማለት ነው። መንገዱን ለነገ ያሳድሩት። በዚሁ ምክንያት ደግሞ ላይ በአቀበቱ ላይ ምንጭ አያገኙም። ያን ሁሉ ዝናብ የሚጠጣ ተራራ ለመንገደኛ አንድ ጽዋ አያቀርብም፤ ውኃዎን ከታች ይዘው ይውጡ። በብርዱ ወራት ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ይበቃል።

ሰዓትዎን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በታኅሣሥ አጋማሽ ኮቶር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ይህ እንኳ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ከተማዋ ከምሥራቅ በኩል በተራራው ስለተጋረደች የጠዋት ፀሐይ ዘግይታ ትደርሳታለች፤ ከምዕራብ ደግሞ ቭርማጽ የሚባለው ጋራ ቀድሞ ያጠልቅባታል። በጥላው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሌሊት የወረደበትን ጤዛ ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ ከማታው ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከመጥለቂያው ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ከተማ መግባት አለብዎት፤ ይህ 8 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ከክርስታች ለመውረድ ሁለት ሰዓት፣ እርጥብ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የትም ይሁኑ የት ፊትዎን ያዞራሉ። በሩ ከፊትዎ አንድ እጥፋት ቀርቶት ቢታይዎትም ያዞራሉ። ለመውጣት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በድልድዩ ላይ መገኘት ይበቃዎታል። በመጋቢት አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ መመለሻዎን እስከ 7 ሰዓት ተኩል መግፋት ይችላሉ።

ይህን የመመለሻ ሰዓት ጠዋት ወጥተው ሳይሆን ማታውኑ ይወስኑት፤ ላረፉበት ቤት ሰውም ይንገሩ። “ወደ ክርስታች እሄዳለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት እመለሳለሁ” ብለው የስልክ ቁጥርዎን ይተዉላቸው። አገሬው የሚቆጥረው በአውሮፓ ሰዓት ስለሆነ ለእነርሱ 15 ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ መደናገር አያስፈልግም።

ምን ይያዙ

ከሁሉ በፊት ጫማ። የተራራ ጫማ ውድ መሆን የለበትም፣ ሶሉ ግን ያላለቀ ጎማ ይሁን። ስኒከር ተጫምተው ምሽጉ ድረስ ይውጡ፣ ከዚያ አይለፉ። ሁለት የጉዞ በትሮች ቢኖሩዎት ለአቀበቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ያመሰግኗቸዋል፤ ከ900 ሜትር በላይ ሲወርዱ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈውን ሸክም ያቀልላሉ። የዝናብ ልብሱ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሁን። ጃንጥላ ግን ሆቴል ይቅር፤ ቡራ ከእጅዎ ነጥቆ ለባሕሩ ይሰጠዋል።

ከሥር የሚለብሱት ጥጥ አይሁን። ጋቢያችን በምሽት ቁር የሚተካከለው የለም፣ ጥጥ ግን በላብና በዝናብ ሲረጥብ ሙቀትን ከሰውነት ይነጥቃል። የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ጨርቅ ይልበሱ። መቀየሪያ ካናቴራ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙና በሩ ላይ ሲደርሱ ይቀይሩ። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ። ባትሪውን አልጠቀምበትም ቢሉም ይያዙ። ካርታውን ከኢንተርኔት ውጭ እንዲሠራ አድርገው ስልክዎ ላይ ይጫኑ።

ለስንቅ ቆሎ ካለዎት እሰየው፤ በተራራ ላይ ከሚሸጠው ብስኩት ሁሉ ይበልጣል። ዳቦና ፍራፍሬ ከከተማ ይግዙ። በብርዱ ወራት በመንገዱ ላይ ክፍት ቤት አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ።

አወጣጡ

በሰሜናዊው የወንዝ በር ይውጡ። በሩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት የኦቶማኑ የባሕር ኃይል አዛዥ ባርባሮሳ ከተማዋን ለመያዝ ሞክሮ ሳይችል ቀርቷል፤ በሩ የዚያ መታሰቢያ ነው። የሽኩርዳን ድልድይ እንደተሻገሩ ወደ ቀኝ ይታጠፉና ወንዙን ይዘው ወደ ገደሉ ይሂዱ። ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ከወንዙ ተለይቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፈ መውጣት ይጀምራል። እጥፋቶቹ 70 ገደማ እንደሆኑ ይነገራል። አይቁጠሯቸው፤ ቁጥሩ ያደክማል።

ምልክቱ በድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ ክብ ነው፣ መሐሉ ነጭ። በሁለት እጥፋት ውስጥ ምልክት ካላዩ ወደ መጨረሻው ያዩት ይመለሱ። አቋራጭ የሚመስሉ ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ አይግቡባቸው። መንገዱ ለተጫነ በቅሎ የተሠራ ስለሆነ ዳገቱ በልክ ነው፤ አቋራጩ ግን የፍየል ነው፣ ልቅ ድንጋዩም ከእርስዎ በታች ላለው መንገደኛ አደጋ ነው።

ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከምሽጉ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ጎድጓዳ ሥፍራ ይደርሳሉ። ሽፒልያሪ ትባላለች፤ የፈራረሱ ቤቶችና አንዲት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አሉባት። ከዚህ የምሽጉ ግንብ በስተጀርባው ይታያል፤ ከግንቡ ላይ ያለች አንዲት መስኮት በመሰላል መግቢያ ሆና ታገለግላለች። መሰላሉ በሥፍራው ላይኖር ስለሚችል የመመለሻ መንገድዎን በእርሱ ላይ አይመሥርቱ። እዚህ ቆም ብለው ጫማዎን ያጥብቁ፣ ሰማዩን ይዩ፣ ራስዎን ይጠይቁ። ጉሙ ከበላይዎ ወርዶ ከሆነ፣ ወይም እግርዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንሸራተተ፣ ቀኑን በምሽጉ ይጨርሱት። ይህ ነው ሳይቆጭ መመለስ የሚቻልበት ቦታ፤ ከዚህ በላይ መመለስ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በየእጥፋቱ እይታው እየሰፋ ይጎትታል።

ከሽፒልያሪ በላይ ያለው ክፍል ረጅሙና ጸጥ ያለው ነው። የሚሄዱበትን ድንጋይ ይዩት። የተደረደረው ለታይታ አይደለም። ዘመናዊው መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስኪሠራ ድረስ ደገኛው ሞንቴኔግሮ ከባሕር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነበር። የደጋው ሰዎች ምርታቸውን ይዘው ወደ ኮቶር ገበያ ይወርዱበታል፤ ከውጭ የመጣው ዕቃ ሁሉ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ ጼቲንዬ ይወጣበታል። የሞንቴኔግሮ ጳጳስና ገዥ፣ ባለቅኔም የነበረው ፔታር ዳግማዊ ፔትሮቪች ንዬጎሽ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሲያስመጣ ጠረጴዛው ከኮቶር ተራራውን በሰው ሸክም ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1838 ያሠራው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቢልያርዳ ተብሎ የሚጠራው በዚያ ጠረጴዛ ነው። ቦርሳዎ ከከበደዎት ይህን ያስቡ።

ድንበሩም በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ኮቶር እ.ኤ.አ. ከ1420 እስከ 1797 በቬኒስ፣ በኋላም እስከ 1918 በአብዛኛው በኦስትሪያ እጅ ነበረች፤ ከበላይዋ ያለው ደጋ ግን የሞንቴኔግሮዎች ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ከሎቭቼን ላይ መድፍ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይተኮስ ነበር፤ በጃንዋሪ 1916 ኦስትሪያ ተራራውን ያዘች። ዛሬ በአንድ ጠዋት የሚያልፉት መንገድ ያኔ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ መሻገሪያ ነበር።

በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ስትወጣ አንድ ጥንቃቄ ይጨምሩ። በድንጋዩ ካብ ውስጥ ቀንዳማ አፍንጫ ያላት እፉኝት ትኖራለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ፀሐይ ለመሞቅ ትወጣለች። እጅዎን ወደማያዩት ስንጥቅ አያስገቡ፣ ለመቀመጥም ድንጋዩን በበትርዎ መታ መታ ያድርጉ። አታሳድድም፤ እንዳይረግጧት ብቻ ነው።

በሩ ላይ

ክርስታች ሲደርሱ ዋናውን የመኪና መንገድ ያገኛሉ። ከኮቶር በ25 የተቆጠሩ ጥምዞች የሚወጣው የታወቀው መንገድ ነው። መጀመሪያ ካናቴራ ይቀይሩ፤ ከዚያ ይዩ። ከእግርዎ በታች ባሕሩ በሁለት ጋራዎች መካከል ተኝቷል፣ ኮቶርም ሦስት ማዕዘን ቀይ ጣሪያ ሆና ትታያለች። ብዙ ሰው ምሽጉ ላይ ቆሞ “አየሁት” ይላል፤ ከዚህ ሲያዩት ምሽጉ ራሱ የእይታው አንዲት ነጥብ ነው።

አሁን ውሳኔ ነው። ሰዓትዎ ከ5 ሰዓት ካላለፈ፣ ሰማዩም ከጠራ፣ ወደ ንዬጉሺ መንደር መቀጠል ይችላሉ፤ ከበሩ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ቀላል መንገድ ነው። የንዬጎሽ የትውልድ መንደር ናት። በአገሩ ሁሉ የምትታወቀው ግን በአይቧና በጢስ በደረቀ የአሳማ ሥጋዋ ነው። አሳማ ለማይበላ መንገደኛ አይቡ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። ወደዚያ ከሄዱ ግን በእግር እመለሳለሁ አይበሉ። ጠዋት ከኮቶር ሳይነሡ ታክሲ ተስማምተው የሚያነሣዎትን ሰዓት ይወስኑ። በዚያ መንገድ ላይ በብርዱ ወራት መደበኛ አውቶቡስ አይጠብቁ።

ከሎቭቼን ጫፎች በአንዱ ላይ፣ 1,657 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የንዬጎሽ መካነ መቃብር አለ። ኢቫን ሜሽትሮቪች ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረቀ ግሩም ሥራ ነው። በብርዱ ወራት ከኮቶር በእግር ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ደርሶ መመለስ አይታሰብ። በረዶው አለ፣ ቀኑ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተ የገመድ መኪናም ከኮቶር አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሎቭቼን ይወጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ነፋስ ሲበረታ ይቆማልና በእርሱ እወርዳለሁ ብለው ሰዓት አያባክኑ።

ቁልቁለቱ

አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው፤ ሰው ደክሟል፣ ያሰበውን አይቷል፣ ልቡ ምሳ ላይ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ይብሉ። የጫማዎን ክር ከቁርጭምጭሚት በላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ እንዳይመታ። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው ይውረዱ፣ በትሮቹን ከፊትዎ ይትከሉ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተረከዝ አያስቀድሙ፤ ሙሉ እግርዎን ያሳርፉ። ቅጠል የተከመረበትን ጥግ ይጠርጥሩ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታወቅም። በየእጥፋቱ ከመታጠፍዎ በፊት ይቁሙ። እይታውን ለማየት ሲፈልጉም ይቁሙ፤ እየሄደ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከተራራ ይልቅ ለካፌ ይስማማል።

ነጎድጓድ ከሰሙ ከበሩና ከገላጣው ፈጥነው ይውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ሰው ከተጎዳ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው። ያሉበትን ቦታ ከስልክዎ ካርታ ላይ አንብበው ይንገሩ፣ የተጎዳውን ሰው በደረቅ ልብስ ይሸፍኑ፣ ከቀዝቃዛውም ድንጋይ በቦርሳ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

ተራራው ካልፈቀደ

ዩጎ ሦስት ቀን ከቆየ በመስኮት እያዩ አይተክዙ። ዝናቡ ባቋረጠበት ሰዓት እስከ ምሽጉ ይውጡ፤ በመንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1518 የተሠራችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። በከተማዋ ውስጥ በ1166 የተቀደሰውን የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል ይዩ። ከእርሱ አልፎ ያለችው የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን የ1195 ሥራ ናት፤ ለረጅም ዘመን የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ሁለት መንበር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዛ ኖራለች። በኤፕሪል 15 ቀን 1979 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷት ነበር፤ በዚያው ዓመት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች፣ ብዙው ሕንፃም ተጠግኖ የቆመ ነው።

ጉዞዎ በታኅሣሥ መጨረሻ ከሆነ አንድ ነገር ያስደስትዎታል። የሞንቴኔግሮ ኦርቶዶክሳውያን ልደትን የሚያከብሩት እንደ እኛ በጃንዋሪ 7 ነው፤ በዋዜማውም የባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ያነድዳሉ። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ለእነርሱም ጾም ስለሆነ ምግብ ቤት ገብተው “ፖስኖ” ካሉ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ያቀርቡልዎታል። ዓሣ ግን በጾም ይበላሉና ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ለይተው ይናገሩ። በበዓሉ ቀን ታክሲም ሱቅም እንደልብ አይገኝም፤ ስንቅዎን በዋዜማው ይግዙ።

ከተራራው እንደወረዱ ጫማዎን ከማውለቅዎ፣ ትኩስ ነገርም ከመጠጣትዎ በፊት፣ ለነገሩት የቤት ሰው መመለስዎን ያስታውቁ። ሰዓቱ አልፎ ዝም ካሉ እርስዎ ሻይ እየጠጡ ሌሎች በጨለማ ሊፈልጉዎት ይወጣሉ።